ፎቅና ምድር ቤት

ደርሃም፣ ወንዙ ዳር፣ የጡብ ቤት ነበረ፣
ስንቱ ቃል ሲያበጥር ዕድሜውን ቀበረ።
እኔ አሥራ አራት ዓመቴ፣ ተላላኪ ልጅ፣
ካርድ ተሸክሜ ከአንድ እጅ ወደ እጅ፣
ከምድር ቤት ወደ ፎቅ፣ ከፎቅ ወደ ምድር፣
ለሦስት ሽልንግ ስል ቀን ሙሉ ስዞር።
በየካርዱ አንድ ፍቺ፣ ከሥሩ ምሳሌ፤
የዚያ ወረቀት አቧራ ነው የዛሬው ሳሌ።

ፎቅ ላይ ሚስ ሄስተር ቦውዝ። ድርሻዋ «ራን» ነው።
ላይ ላዩን ላየው ሰው መሮጥ ነው፣ ይኸው ነው።
ግን እሷን ጠይቋት፦
ቧንቧ ሳይዘጋ ቀርቶ ሲንዠቀዠቅ፣ «ራን»፤
ጉንፋን የያዘው አፍንጫ፣ «ራን»፤
ቀይ ካልሲ ከነጭ ሸሚዝ ጋር ታጥቦ ሸሚዙ ሲቀላ፣
የሐር ስቶኪንግ ከጉልበት እስከ ተረከዝ ሲተረተር፣
ሱቅ ማስተዳደር፣ ለወንበር መወዳደር፣
ባንኩ ከሰረ ተብሎ ሰው ገንዘቡን ሊያወጣ ሲጋፋ፣
ትያትር ከመድረክ ሳይወርድ ስድስት ወር ሲከርም።
የዶሮ አጥር እንኳ፣ ዶሮዋ ተኝታ፣ ስሙ «ራን» ነው።

ምድር ቤት ሚስተር ኦስዊን ክራግ። የሱ ቃል «ሰት»፤
ወንበር የለመደ ቃል፣ እንደ ባለቤቱ።
ማዕድ ሲሰናዳ፣ ወጥመድ ሲጠመድ፣
ማርማላታ ሲረጋ፣ ሲሚንቶ ሲጠና፣
ዕንቁ ከቀለበት ጉያ ሲሰካ፣
እርጥብ ፀጉር በቢጉዲን ሲታሰር፣
ስድስት ሲኒ ከነማስቀመጫው፣
የተቆረጠ ቀን፣ የደረቀ ሐሳብ፣
ጀንበር ስትጠልቅ።
ሁሉም አንዲት ቃል! ሦስት ፊደል፣ እንደሷው።
የሷ ቃል መቆም አያውቅም፤ የሱ መነሣት ይጠላል።

ውርርዱ አንድ ቆርቆሮ የቅቤ ከረሜላ፤
ብዙ ፍቺ ያገኘ እሱ ብቻ ይብላ።
አራት ዓመት በአንድ ጣሪያ፣ ሰላምታ እንኳ በካርድ፤
እኔ ነበርኩ አፋቸው፣ ስወጣ ስወርድ።

አንድ የበረዶ ሰኞ ሚስተር ክራግ ድልድዩ ላይ ተንሸራተተ፤
ቅልጥሙ ለሁለት።
በማግስቱ ከፎቅ ካርድ ወረደ፦
«አጥንትን ወደ ቦታው መመለስ። የእርስዎ ነው፣ ይቁጠሩት።
ምሳሌ፦ የኦስዊን ክራግ እግር፣ ማክሰኞ።»
እህቱ ቤት ድረስ በብስክሌት አደረስኩ። መልሱን አመጣሁ፦
«ከአፍንጫ መፍሰስ። የእርስዎ ነው።
ምሳሌ፦ የኔው፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ።»
ሚስ ቦውዝ ሳቀች። ጥርሷን ያን ቀን አየሁ።

የፊደል ሕግ ግን አያዝንም፤ «ራን» ይቀድማል፣ «ሰት» ይከተላል።
የሷ ቅጽ ታተመ። ውሏ እስከ ሰኔ ብቻ ነበር፤
የውል ዘመንም «ራን» ነው፣ ራሷ ጽፋዋለች።
ሻንጣዋን እኔ ያዝኩ። ጣቢያው ላይ ሚስተር ክራግ፣
ምርኩዙን ተደግፎ፣ አንድ ካርድ ዘረጋ፦
«ከቦታ ተነሥቶ ጉዞ መጀመር። ይህም ‹ሰት› ነው።
ምሳሌ አጣሁለት።»
አነበበች። «ይኸው፣ ምሳሌዎ ኮፍያ አድርጋ ቆማለች።
ባቡሩ ግን የኔ ነው፤ ባቡር ሁልጊዜ ‹ራን› ነው።»

ፊሽካው ተነፋ። ጎማው ተንፏቀቀ።
ያ ወንበር የለመደ ሰው ምርኩዙን ለቀቀ፣
ሮጠ።
ሦስት እርምጃ። ምናልባት አራት።
«ሄስተር!» አለ፤ «ሚስ»ን የት እንደጣላት።
ከዚያ ሁሉ ካርድ ውስጥ ይህን ሩጫ ፈለግሁት፤
የለም። በእርሳስ ጽፌ እኔው ጨመርኩት።

ዛሬ ሰማንያዬን አልፌያለሁ። ማታ ማታ ከመስኮቴ
ጀንበር ትጠልቃለች፦ ለሱ አንድ።
ዓይኔ ያለ ምክንያት ይፈስሳል፦ ለሷ አንድ።
እስካሁን እኩል ናቸው።

ቆርቆሮው እኔ ጋ ነው፤ ቁልፍ አስቀምጥበታለሁ፣ የበርም የሸሚዝም።
ከረሜላውን ማን በላው ብላችሁ ግን አትጠይቁኝ፤
ልጅ ነበርኩ፣ ደረጃው ብዙ ነበር።